በሞቃት ኮከቦች አጠገብ ያሉ ግዙፍ ፕላኔቶች ለምን ዘገዩብን?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦ «ግዙፍ ፕላኔት ለኮከቡ በጣም ሲቀርብ ማግኘቱ ቀላል ነው ይባላል። ደማቅ ኮከብም ለማጥናት ይመቻል። ታዲያ በጣም ሞቃትና ደማቅ በሆኑ ኮከቦች አጠገብ የሚዞሩ ግዙፍ ፕላኔቶች ለምን ዘግይተው ተገኙ? ሲገኙስ ፕላኔት መሆናቸው በምን ታወቀ? ተማሪዎቼ ጠይቀውኝ የሚያሳምን መልስ አጣሁ። ከኢትዮጵያ ሆነን ልናያቸው የምንችል ከሆነም ይንገሩን።»

መምህር፣ ተማሪዎችዎ ግሩም ነገር ነው የጠየቁት። ያነሷቸው ሁለት ነጥቦች ለየብቻ ሲታዩ ልክ ናቸው። አንድ ላይ ሲመጡ ነው ነገሩ የሚጠብቀው። ፕላኔቶቹ ተደብቀው አልነበረም። ፕላኔትን የምናረጋግጥበት ዋናው ዘዴ ግን እነዚህ ኮከቦች ላይ ሲደርስ እምቢ ይላል። እምቢ የሚለው ኮከቦቹ በራሳቸው ዛቢያ ላይ በጣም ፈጥነው ስለሚሽከረከሩ ነው። በኋላ መውጫ መንገድ የሆነውም ይኸው መሽከርከር ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከ1995 ልጀምር። ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ በደቡብ ፈረንሳይ ከሚገኘው የኦት ፕሮቫንስ ኦብዘርቫቶሪ ሆነው 51 ፔጋሲ የሚባለውን ኮከብ ይከታተሉ ነበር። ፀሐይን የሚመስል ኮከብ ነው። በ4.2 ቀን አንዴ ወደ እኛ ቀረብ፣ መልሶ ደግሞ ራቅ ይላል። ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 56 ሜትር ነው። የሚያወዛውዘው የጁፒተርን ግማሽ ያህል ክብደት ያለው ፕላኔት ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ሥራ በ2019 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ይህ ውዝዋዜ የሚለካው በስፔክትረም ነው። የኮከብ ብርሃን በሞገድ ርዝመቱ ሲበተን በመሃሉ ጥቋቁር መስመሮች ይታያሉ። ብረት፣ ካልሲየም፣ ሶዲየምና ሌሎችም ብርሃኑን የዋጡባቸው ቦታዎች ናቸው። ኮከቡ ሲቀርብ መስመሮቹ ወደ ሰማያዊው ወገን ይገፋሉ፤ ሲርቅ ወደ ቀዩ። ይህ የዶፕለር ውጤት ነው። ለተማሪዎችዎ የቀረበ ምሳሌ ከፈለጉ፣ የእኛዋ «ቡና» አለች። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ፣ ኢትዮጵያ ኤችዲ 16175 የሚባለውን ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱን ደግሞ «አቦል» አለችው። አቦል ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ የሚከብድ ፕላኔት ነው። አንድ ዙር ለመጨረስ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። የተገኘውም በዚሁ ዘዴ ነው። ቡና የፀሐይ ዓይነት ኮከብ ስለሆነ መስመሮቹ ብዙና ቀጫጭን ናቸው። ስለዚህ መለካቱ ይቻላል።

አሁን ወደ ሞቃቶቹ እንሂድ። ፀሐይ ላይዋ ወደ 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሲሪየስ፣ ቪጋ፣ አልታየርና የመሳሰሉት ከዚያ በጣም ይሞቃሉ። እነዚህ «ኤ» በሚባለው ክፍል የሚመደቡ ኮከቦች ናቸው። በሁለት ምክንያት ያስቸግራሉ።

አንደኛው ሙቀቱ ራሱ ነው። አቶሞቹ ኤሌክትሮናቸውን ስለሚያጡ፣ በቀዝቃዛ ኮከብ ላይ የምናውቃቸው ብዙዎቹ መስመሮች ይጠፋሉ። የሚቀሩት ጥቂት ናቸው። ከእነሱም ዋናዎቹ የሃይድሮጅን መስመሮች ሲሆኑ በጣም የሰፉ ናቸው።

ሁለተኛውና የባሰው ሽክርክሪቱ ነው። ፀሐይ አንድ ጊዜ ለመሽከርከር ወደ 25 ቀን ይወስድባታል። አልታየር ግን በ10 ሰዓት ውስጥ ትጨርሰዋለች። ለምን እንዲህ ተለያዩ? ፀሐይን የመሰሉ ኮከቦች ከላይኛው ክፍላቸው ላይ እየፈላ የሚገላበጥ ወፍራም ንብርብር አላቸው። ይህ ንብርብር መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ከኮከቡ የሚወጣው ነፋስ በዚያ መስክ ተይዞ ሲሄድ የኮከቡን ሽክርክሪት እየቀነሰ ይወስዳል። በቢሊዮን ዓመታት ውስጥ ኮከቡ ዝግ ይላል። ከ6,000 ዲግሪ ገደማ በላይ ባሉ ኮከቦች ላይ ግን ያ የሚፈላ ንብርብር ይሳሳል፤ ከፍ ሲልም ጭራሽ ይጠፋል። ፍሬኑ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ሲወለዱ የነበራቸውን ፍጥነት ይዘው ይቆያሉ። ይህ ድንበር በ1960ዎቹ ጉዳዩን ባጠናው በሮበርት ክራፍት ስም የክራፍት መስበሪያ ይባላል።

ፈጥኖ የሚሽከረከር ኮከብ ግማሽ ገጹ ወደ እኛ እየመጣ፣ ግማሹ እየሸሸ ነው። ስለዚህ አንዱ መስመር በሁለቱም ወገን ይለጠጣል። በቀጭን እስክሪብቶ የተሰመረ መስመር በጥቂቱ ቢንቀሳቀስ ያስታውቃል፤ ውሃ ነክቶት የተንጠባጠበ ቀለም ላይ ግን ያንኑ ያህል እንቅስቃሴ መለየት ከባድ ነው። በቁጥር ላሳይዎት። ኬልት-9 የሚባለው ኮከብ በመሽከርከሩ የተነሣ መስመሮቹ በሰከንድ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ይለጠጣሉ። ፕላኔቱ የሚያወዛውዘው ግን በሰከንድ 280 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የምንፈልገው ነገር ከድብዛዜው 400 ጊዜ ያንሳል።

በዚህ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ፕላኔት ፈላጊዎች ከእነዚህ ኮከቦች ይርቁ ነበር። አንድ ዕጩ ኮከብ ፈጣን ተሽከርካሪ ሆኖ ሲገኝ ብዙ ቡድኖች ይተዉት ነበር። አልፈርድባቸውም። የቴሌስኮፕ ሰዓት ውድ ነው፤ ሊረጋገጥ በማይችል ነገር ላይ ማባከን አይቻልም። ግን ውጤቱ የተዛባ ሥዕል ነበር። ፕላኔት የምናውቀው መለካት በቻልንባቸው ኮከቦች ዙሪያ ብቻ ሆነ።

ሌላው መንገድ ትራንዚት ነው። ፕላኔቱ በእኛና በኮከቡ መካከል ሲያልፍ የኮከቡ ብርሃን ትንሽ ይቀንሳል። ከሌላ ኮከብ ፊት ፕላኔት እንዲህ ሲያልፍ መጀመሪያ የታየው በ1999 ነው። እዚህ ላይ ሞቃት ኮከብ አያስቸግርም፤ እንዲያውም ለተጠጋ ፕላኔት ይመቻል። ፕላኔቱ በእኛ እይታ መስመር ላይ የማለፍ ዕድሉ የሚወሰነው የኮከቡን ራዲየስ ለርቀቱ ሲያካፍሉ ነው። ለምድርና ለፀሐይ ይህ ዕድል ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ለኬልት-9 ግን ወደ 30 በመቶ ይጠጋል። ኮከቡ ትልቅ፣ ፕላኔቱም ጥግ ስር ያለ ነውና።

ታዲያ ደማቅ ኮከቦችን ትልቅ ቴሌስኮፕ አይከታተላቸውም ወይ ይሉኝ ይሆናል። አይከታተላቸውም። ብርሃናቸው ካሜራውን ያጥለቀልቀዋል። ከዚህም ሌላ ደማቅ ኮከቦች በሰማይ ላይ የተበታተኑ ናቸው፤ ትልቅ ቴሌስኮፕ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚያየው ጠባብ ቁራጭ ነው። የሚያስፈልገው ትንሽ ሌንስና ሰፊ እይታ ነበር። ኬልት የሚባለው ፕሮጀክት ይህንን አደረገ። ስሙ ሲተረጎም «እጅግ ትንሽ ቴሌስኮፕ» የሚል ሐረግ አለበት። አንዱ በአሪዞና፣ አንዱ በደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድ ተተከለ። ሌንሱ ከገበያ የሚገዛ የማሚያ ፎቶ ካሜራ ሌንስ ነው። የመግቢያው ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው። ከእጅ መዳፍ ያንሳል! በዚህ ሌንስ ከታወቁት ሁሉ በጣም ሞቃቱ ግዙፍ ፕላኔት መገኘቱ እስከ ዛሬ ያስደስተኛል። ገንዘብ ባጠረበት አገር ሳይንስ ለሚያስተምር ሰው ይህ ትልቅ ዜና ነው።

ነገር ግን ብርሃን ቀነሰ ማለት ፕላኔት ተገኘ ማለት አይደለም። የተማሪዎችዎ ሁለተኛ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። እንደነ ኬልት ባሉ ካሜራዎች ላይ አንድ ፒክስል ሰፊ የሰማይ ቁራጭ ይይዛል። ከደማቁ ኮከብ ኋላ እርስ በርሳቸው የሚጋረዱ ሁለት ደካማ ጥንድ ኮከቦች ቢኖሩ፣ የእነሱ ግርዶሽ ከደማቁ ብርሃን ጋር ተቀላቅሎ ትንሽ ቅናሽ ሆኖ ይታያል። ወይም የሚያልፈው ቀይ ድንክ ኮከብ ሊሆን ይችላል። ትንሹ ቀይ ድንክ በስፋቱ ከጁፒተር እምብዛም አይለይም፤ ክብደቱ ግን ወደ 80 እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ቡናማ ድንክ የሚባሉት፣ ከፕላኔት ከብደው ኮከብ ለመሆን ያልበቁት፣ እንዲሁ ናቸው። በብርሃን ቅናሽ ብቻ አይለዩም። ለመለየት ክብደት ያስፈልጋል። ክብደት ለማወቅ ደግሞ ውዝዋዜውን መለካት ያስፈልጋል። ውዝዋዜው ግን አይለካም ብለናል።

ይህን ቋጠሮ የፈታው ዘዴ ዶፕለር ቶሞግራፊ ይባላል። ቀስ ብለን እንየው፤ ከሁሉም የሚያምረው ክፍል ነው።

የተለጠጠው መስመር እያንዳንዱ ክፍል ከኮከቡ ገጽ አንድ ቁራጭ የመጣ ነው። የመስመሩ ሰማያዊ ጫፍ የመጣው ወደ እኛ ከሚዞረው ጠርዝ ነው። ቀዩ ጫፍ ከሚሸሸው ጠርዝ። መሃሉ ከመሃል። ስለዚህ ድብዝዝ ያለው መስመር በእውነቱ የኮከቡ ካርታ ነው። አሁን ፕላኔት በኮከቡ ፊት ይለፍ። የሚጋርደው አንድን ቁራጭ ነው። የተጋረደው ቁራጭ ብርሃን ከመስመሩ ላይ ይጎድላል። በመስመሩ ውስጥ በዚያው ቦታ ትንሽ ጉብታ ትፈጠራለች። ፕላኔቱ ሲጓዝ ጉብታዋም አብራ ትጓዛለች። የፕላኔቱን ጥላ በስፔክትረም ላይ ሲሄድ ማየት ነው። ኮከቡ ፈጥኖ በተሽከረከረ ቁጥር መስመሩ ይሰፋል፤ ጉብታዋም ተለይታ ትታያለች። በዝግተኛ ኮከብ ላይ ይህ ሥራ ይከብዳል።

ይህ ምን ያረጋግጣል? ጉብታዋ በደማቁ ኮከብ መስመር ውስጥ ከአንዱ ወገን ገብታ በሌላው ከወጣች፣ የሚጋረደው እሱ ራሱ ነው። ኋላው ያሉ ጥንድ ኮከቦች ይህን ማድረግ አይችሉም። የጉብታዋ ስፋት ደግሞ ከብርሃኑ ቅናሽ ጋር መግጠም አለበት። ክብደቱስ? ድብዝዝ ባለ መስመርም ቢሆን ትልቅ ውዝዋዜ አይደበቅም። በኬልት-9ቢ (የኬልት-9 ፕላኔት ነው፤ በስሙ መጨረሻ ያለው «ቢ» ፕላኔቱን ያመለክታል) ቦታ ላይ 100 ጁፒተር የሚመዝን ድንክ ኮከብ ቢኖር ኖሮ፣ ኮከቡ በሰከንድ ወደ 10 ኪሎ ሜትር በተወዛወዘ ነበር። ያ ካልታየ፣ የሚያልፈው ነገር ኮከብ ሊሆን አይችልም። ትክክለኛ ክብደት ባይገኝም ጣሪያው ታወቀ ማለት ነው። ለማረጋገጥ ይህ ይበቃል።

በዚህ መንገድ መጀመሪያ የተረጋገጠው ዋስፕ-33ቢ ነው። በ2010 አንድሩ ኮሊየር ካሜሮንና ባልደረቦቹ አሳተሙት። ኮከቡ ከ7,000 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ የ«ኤ» ክፍል ኮከብ ነው፤ የሚገኘውም እንደ ቡና በአንድሮሜዳ ህብረ ኮከብ ውስጥ ነው። ፕላኔቱ በ1.22 ቀን አንዴ ይዞረዋል። ኮከቡ በመሽከርከሩ ላይ ገጹ ይርገበገባል፤ ይህም ሥራውን የበለጠ አክብዶት ነበር። የፕላኔቱ ጉብታ ግን ከኮከቡ ርግብግብ ተለይታ ታየች። በዚያ ላይ የሄደችው ከቀይ ወደ ሰማያዊ ነው። ፕላኔቱ የሚዞረው ከኮከቡ ሽክርክሪት በተቃራኒ ነው ማለት ነው። ኮከቡና ፕላኔቶቹ ከአንድ የሚሽከረከር የጋዝና የአቧራ ዝርግ እንደሚወለዱ ለምናስተምር ሰዎች ይህ ብዙ የሚያስጠይቅ ውጤት ነው። በዚያው ዓመት ጆሽ ዊንና ባልደረቦቹ ያስተዋሉት ነገር ደግሞ አለ። ለኮከብ በጣም የቀረቡ ግዙፍ ፕላኔቶች ምህዋራቸው ተጣሞ የሚገኘው በብዛት በሞቃቶቹ ኮከቦች ዙሪያ ነው። ቀዝቀዝ ያሉት ኮከቦች፣ በዚያው በሚፈላው ንብርብር ምክንያት ሳይሆን አይቀርም፣ ምህዋሩን ቀስ በቀስ ያስተካክሉታል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ክርክሩ አልተዘጋም። እኔ ወደዚህ ሐሳብ አደላለሁ።

ከዚያ በኋላ በር ተከፈተ። በ2017 ማስካራ የሚባለው የላይደን ዩኒቨርሲቲ ካሜራና ኬልት አንዱን ፕላኔት ለየብቻቸው አገኙት። ስለዚህ ሁለት ስም አለው፤ ማስካራ-2ቢ እና ኬልት-20ቢ። የደመቀውን ዜና ያመጣው ግን በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በስኮት ጋውዲ የሚመራው ቡድን ያሳወቀው ኬልት-9ቢ ነው።

ኮከቡ ወደ 9,900 ዲግሪ ይሞቃል። ከፀሐይ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይከብዳል። ፕላኔቱ ከጁፒተር ወደ 3 እጥፍ ይመዝናል፤ በስፋት ደግሞ 1.9 እጥፍ ገደማ ነው። ዓመቱ 36 ሰዓት ነው። ሁልጊዜ አንዱ ፊቱ ወደ ኮከቡ ስለሆነ ቀኑ የማይመሽበት ወገን ወደ 4,300 ዲግሪ ይደርሳል። ይህ ከብዙ ኮከቦች ይበልጣል። እዚያ የሃይድሮጅን ሞለኪውል አይጸናም፤ ይበጠሳል። አቶሞቹ ነፋስ ወስዷቸው ሌሊት ወደሆነው ወገን ሲደርሱ እንደገና ይጣመራሉ። በዚህም ሙቀት ከቀን ወደ ሌሊት ይሻገራል። በ2018 በላ ፓልማ ደሴት ባለው የጣሊያን ቴሌስኮፕ በከባቢ አየሩ ውስጥ የብረትና የቲታኒየም ተን ተገኘ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ሃይድሮጅኑ ከፕላኔቱ ርቆ እንደተነፋና እያመለጠ እንደሆነ አሳየ። የኮከቡ አልትራቫዮሌት ጨረር እያራቆተው ነው።

ጉብታውን በተመለከተ ኬልት-9ቢ ከዋስፕ-33ቢ ይለያል። ጉብታዋ በመስመሩ ላይ ከጎን ወደ ጎን እምብዛም አትሄድም፤ በአንድ ቦታ ቆማ ትቀራለች ማለት ይቻላል። ምክንያቱም ፕላኔቱ የሚያልፈው በኮከቡ ዋልታዎች በኩል ነው። ይህ ሌላ ነገር አመጣ። ኮከቡ በ16 ሰዓት አንዴ ስለሚሽከረከር ወገቡ ወጥቷል፤ ዋልታዎቹ ደግሞ ከወገቡ ይሞቃሉ። ፕላኔቱ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ በሞቃት ዋልታ፣ ሁለት ጊዜ በቀዝቃዛው ወገብ በኩል ያልፋል። በ36 ሰዓት ውስጥ ሁለት በጋና ሁለት ክረምት ያሳልፋል ማለት ነው። ይህ በ2020 የታየው ቴስ ከሚባለው የናሳ ሳተላይት መረጃ ነው። ኬልት ራሱ በዚያው ዓመት ሥራውን አቆመ፤ ሰማዩን መቃኘቱን ቴስ ይዞታል።

አሁን ወደ ክፍልዎ። ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲያሰሉት አንድ ሥራ ልስጥዎት። የኬልት-9 ራዲየስ 2.36 የፀሐይ ራዲየስ ነው። የፕላኔቱ በዚያው መለኪያ 0.19 ነው። አካፍለው በራሱ ሲያባዙት የብርሃኑ ቅናሽ ወደ 0.7 በመቶ ይመጣል። ለፀሐይና ለጁፒተር ቢያሰሉት 1 በመቶ ገደማ ያገኛሉ። ትልቁ ፕላኔት ለምን ትንሹን ቅናሽ ሰጠ ብለው ይጠይቋቸው።

ማየትን በተመለከተ፣ ፕላኔቱን በዓይን ማየት አይቻልም። ኮከቡን ግን በባይኖኩላር ያገኙታል። ድምቀቱ 7.6 ነው (በዚህ መለኪያ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ኮከቡ ይደክማል)፤ ለባዶ ዓይን ትንሽ ይደክማል። የሚገኘው ሲግነስ ውስጥ ነው። ሲግነስ መስቀል የሚመስለው ህብረ ኮከብ ነው። በጥቅምት መጀመሪያ፣ ደመናው ሲገለጥ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ወደ ሰሜን ዞረው ቀና ይበሉ። የመስቀሉ መገናኛ ላይ ያለው ኮከብ ሳድር ይባላል። ኬልት-9 ከእሱ 2 ዲግሪ እንኳ አይርቅም።

ትንሽ ቴሌስኮፕና ካሜራ ካላችሁ ቅናሹን መለካት ይቻላል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ኮከቡ ደማቅ ስለሆነ ካሜራውን እንዳያጥለቀልቅ ፎከሱን ሆን ብላችሁ አደብዝዙት። አጠገቡ ተመጣጣኝ ድምቀት ያላቸውን ኮከቦችም አብራችሁ ለኩ፤ የከባቢ አየር መለዋወጥ የሚታወቀው በእነሱ ነው። ትራንዚቱ 4 ሰዓት ገደማ ስለሚቆይ በጥቅምት ሙሉውን መያዝ ያስቸግራል። መግቢያውን ወይም መውጫውን ብትይዙም ጥሩ ነው። በየ3 ቀኑ 54 ደቂቃ ያህል ቀደም እያለ ስለሚመለስ አንዱ ቢያመልጣችሁ ሌላ አለ።

ቴሌስኮፕ ከሌለ ደግሞ የቴስ መረጃ በነፃ ይገኛል። ላይትከርቭ በሚባለው የፓይተን ፕሮግራም ማውረድና ግራፍ መሥራት ይቻላል። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ካለ ይበቃል። ግራፉ ላይ ከትልቁ ቅናሽ ሌላ፣ በሁለት ትራንዚቶች መሃል ትንሽ ቅናሽ ያያሉ። ፕላኔቱ ከኮከቡ ጀርባ ሲገባ የራሱ ብርሃን የሚጠፋባት ሰዓት ናት። ተማሪዎችዎ ከዚያች ቅናሽ ተነሥተው የፕላኔቱን የቀን ወገን ሙቀት ለመገመት ይሞክሩ። ስሌቱ ላይ ከተቸገራችሁ ግራፉን ላኩልኝ፣ አብረን እንሠራዋለን።